ዋና በጣልያን ሸክላ

ስሚኝማ እታለሜ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? ኮልፌ ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ እንቀጠቀጣለሁ። ከል ቀሚሴ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትተኛል። አዋሽ ዳር ያደገችው ጓደኛዬ ደሜ፣ ሆዴን በመዳፏ ደግፋ «አፍሽን ክፈቺ!» ትለኛለች።

«ውሃ ይገባላ!»

«ዝፈኚ፣ አይገባም። የሚያሰምጥሽ ውሃው መሰለሽ? ትንፋሽሽን እየዘጋሽ እኮ ነው! የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን አይዘጋም።»

መዝሙር ሞከርን፤ «ሃሌ» ብዬ «ሉያ» ሳልል ሰመጥኩ። የሠርግ ዘፈን ሞከርን፤ እሱ ደግሞ ፈጣን ነው፣ እግሬ አብሮ ሲጨፍር ውሃውን አናወጥኩት እንጂ ንቅንቅ አላልኩም።

«ሙሽሪት ሄዳ መልሷን በላች፣ አንቺ እዚሁ ነሽ!» አለች ደሜ።

ሳቁ አልመጣልኝም። ወንድሜ ጉልላት ከወንዙ ማዶ፣ ጫካ ውስጥ እግሩ ቆስሎ ተኝቷል። ድልድዩ ላይ ደግሞ የጣልያን ወታደሮች የሴት መቀነት ሳይቀር እየፈቱ ይፈትሻሉ። መድኃኒቱን ራሴ ላይ አስሬ፣ ነገ በዋና መሻገር አለብኝ። ደሜ እንዳትሄድልኝ፣ ጉልላት ከእኔ ሌላ ሰው ካየ ከተደበቀበት አይወጣም።

ይሄኔ ከኮረብታው ካምፕ ግራማፎኑ ጀመረ። ያ የጣልያኖቹ ዘፈን። ቃሉ ባይገባንም ሰፈሩ ሁሉ ያፏጨው የለ? እኔ ግን አባቴን የካቲት ላይ ከደጃችን ወስደው ከገደሉት ወዲህ፣ እሱን ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ከል ለብሶ መዝፈን ራሱ ነውር ነው፤ የነሱን ደግሞ!

ደሜ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳመጠች። ክንዷን ውሃው ላይ ቀስ ብላ ዘረጋች፣ ሰበሰበች። ከዘፈኑ ጋር ልክክ አለ።

«ወርቅዬ፣ ይኸው! ዘፋኟ ድምጿን ስትስብ እጅሽን ዘርጊ፣ ስታቆም ተንፍሺ።»

«ሞቼ ነው!»

«ሞተሽማ ጉልላት ጋ አትደርሺም።»

ዘፈንኩ። ቃሉን እንደመጣልኝ እያበላሸሁ ዘፈንኩ። ደሜ እጇን መቼ እንዳነሳች አላውቅም፤ ውሃው ተሸከመኝ። ማዶ ያለውን ድንጋይ ነክቼ ተመለስኩ፣ እየዘፈንኩ፣ እየሳቅኩ! ሰባት ወር ሙሉ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዘፈኑ ያምራል።

ቀና ስል እናቴ ወንዙ ዳር ቆማለች። እንስራዋን ከጀርባዋ አላወረደችም።

«አባትሽ እኮ ዓመት እንኳ አልሞላው» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«ተይ፣ ዝፈኚ። እንዲያውም ካምፑ ድረስ ሂጂላቸው። ከዚህ ሆነሽ አይሰሙሽም።»

ውሃውን ሳትቀዳ ዞራ ሄደች።

ስለ ጉልላት ምንም አታውቅም። ሁለት ጊዜ ወስደው የት እንዳለ ጠይቀዋታል፣ ጀርባዋ እስኪላጥ ገርፈዋታል። አታውቅማ፣ የምትነግራቸው ስታጣ ለቀቋት።

ሮጬ ልንገራት ብዬ ከውሃው ወጣሁ። ደሜ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ጠላችኝ እኮ! አላየሻትም እንዴት እንዳየችኝ?» ብዬ አለቀስኩባት።

ደሜ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«ትጥላሽ። የማታውቀውን ገርፈው አያወጡባትም። በይ ግቢ፣ ገና ሁለቴ ትመላለሻለሽ።»