የፍሬኑ ፒን

"ቁረጡት!" ይላል ተቋራጩ። "ሦስት ቀን ሙሉ ዘይት አጠጥተነው ካልዞረ መቼም አይዞርም። ነገ ፓርኩ ይመረቃል፤ የዛገ ብረት ለሕዝብ አላስረክብም።"

በያጁ መቁረጫውን ይለኩሳል። ወጣቷ መሐንዲስ ግን ከክሬኑ እግር ስር ተገትራ ንቅንቅ አልልም ብላለች። መጋዘኖቹ ፈርሰው አበባ ሆነዋል፣ የድንጋይ ከሰሉ ክምር ሣር ሆኗል። ከድሮው የወንዝ ወደብ የቀረው ይኸው ክሬን ብቻ ነው።

"ቆይ! ቆይ ልጄ!"

ጋሽ ክሬን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው፣ በአዲሱ ሣር ላይ እያነከሱ ይመጣሉ። ወደቡ እስኪዘጋ ድረስ ሠላሳ ዓመት ይህን ክሬን የነዱት እሳቸው ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ባለቤታቸው ከኋላ እያለከለኩ፣ "ንገራት እንጂ! ምን ይለጉምሃል?" ይላሉ።

ጋሽ ክሬን ጋዜጣውን ይፈታሉ። ስንዝር ከምናምን የምትሆን ወፍራም የብረት ፒን ናት።

"አልዛገም" ይላሉ መሬት መሬት እያዩ። "መንጃውን ከፍሬኑ ጋር የምታገናኘው ይቺ ናት፤ እሷ ከሌለች ፍሬኑ አይለቅም። ወደቡ የተዘጋ ቀን ነቅዬ ወሰድኳት። ከኔ በኋላ ማንም እንዳይነዳው ብዬ… እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ።"

"ሃያ ዓመት ነጭ ሽንኩርት ወቀጥኩባት!" ይላሉ ባለቤታቸው። "ከየት አመጣሃት ብዬ ስጠይቀው፣ ወድቃ አገኘኋት ይለኛል። ቀጣፊ!"

ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣችው መሐንዲስ ትጩህ ወይ ትሳቅ ግራ ይገባታል። "አባባ፣ ታዲያ ትናንት አይነግሩኝም?"

"አፍሬ ነዋ።"

ተቋራጩ ሰዓቱን ያያል። "ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ግን እቆርጠዋለሁ።"

መሰላሉ ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ የጋሽ ክሬንም ዕድሜ እንዲሁ። በየደረጃው ጉልበታቸው ቋ ይላል። መሐንዲሷ ከኋላ ተከትላ ትደግፋቸዋለች። ካቢናው ውስጥ ፒኗን ከቀዳዳዋ ያገናኙና በመዶሻ አንዴ ይመቷታል። ጥርቅም ብላ ትገባለች። ካቢናው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

መሐንዲሷ አዲሱን ሞተር ታስነሳለች። ጋሽ ክሬን መንጃውን ይስባሉ። ዝም። በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው?

ደግመው ይስባሉ። ከስር አንድ ነገር ያቃስታል፣ ካቢናው ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ወንዙ ቀስ እያለ ከፊታቸው መሸሽ ይጀምራል። ዞረ! ደስታው ካቅማቸው በላይ ይሆንና እንባቸው ዱብ ዱብ ይላል። በያጁ እሳቱን አጥፍቶ ያፏጫል። ተቋራጩ እንኳ ሳይታወቀው ያጨበጭባል። የባለቤታቸው እልልታ ከሞተሩ ድምፅ በልጦ እላይ ድረስ ይሰማል።

ሠላሳ ዓመት መርከብ ላይ ያፈጠጠው ክሬን ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ይቆማል። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩ የነበሩት የሰፈሩ ሰዎች ነገን መጠበቅ አቅቷቸው በሩን ገፍተው ይገባሉ። እየሮጡ መጥተው መንጠቆው ስር ይኮለኮላሉ።

ጋሽ ክሬን በመስኮቱ ብቅ ይላሉ። "ከመንጠቆ ስር ውጡ!" ብለው የስንት ሰው ነፍስ ያተረፉበት ጩኸት ጉሮሯቸው ላይ ይደርሳል።

መንጠቆው ላይ ምንም አልተንጠለጠለም። አንዲት እናት ከጥላው ስር ጫማዋን አውልቃ፣ ልጇን አቅፋ ሣሩ ላይ ጋደም ትላለች።

አፋቸውን ይዘጋሉ።