ባዶ እጅ አይኬድም

ስምዖን በሕይወቱ እንደ ዕድላዊት አባት የፈራው ሰው የለም፤ አንድ ቀን እንኳን አይቷቸው ግን አያውቅም። አቶ ዳኜ ሱሉልታ ውስጥ የብረታ ብረት ሱቅ አላቸው። ሰው ሲያናግሩ ዓይን ዓይኑን ነው የሚያዩት ሲባል ሰምቷል። ለፈሪ ይህ ይበቃል።

ሄዶ እጅ ይነሳል፤ ሽማግሌ ለመላክ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጥር ሠርግ ይሆናል። ከጥር ማለፍ የለበትም። በዚህ ላይ እሱም ዕድላዊትም ተማምለዋል።

ችግሩ ስጦታው ነው። ባዶ እጅ አይኬድም። ቶርታ እንዳይገዛ የነቢያት ጾም ገብቷል። ውስኪ እንዳይገዛ አባትየው መጠጥ ካቆሙ ቆይተዋል። ሙዝና ብርቱካን የበሽተኛ መጠየቂያ ነው። በግም አስቦ ነበር፤ በጾም በግ እየጎተተ ሰው ቤት የሚገባ ግን ወይ እብድ ነው ወይ ነጋዴ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ገበያ ወጣ። ሌሊቱን በቅጡ ስላልተኛ ዓይኑ ደም መስሏል። የሐበሻ ልብስ የሚሸጡት ኦቦ ኢፋ የሰፈሩ ሰው ናቸው።

"አካም ጂርታ ስምዖን? ምነው፣ አመመህ እንዴ?"

"እንቅልፍ አጣሁ ኦቦ።"

"እሱስ ያልፋል" አሉ ኦቦ ኢፋ፣ እንደሚያውቅ ሰው። "ለማን ነው የምትገዛው?"

"ለትልቅ ሰው። ሱሉልታ ነው የሚኖሩት።"

"ሱሉልታማ ብርድ ነው። ጋቢ ውሰድ። ጋቢ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም።"

ስምዖን ለእናትየው ነጠላ ጨመረና በገዛ ብልሃቱ እየተደነቀ ወጣ።

ታክሲ ውስጥ ዕድላዊት ኮቱ ትከሻ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አይታ በጥፍሯ እየፋቀች ተቆጣችው። "እንዲህ ተዝረክርከህ ነው አባዬ ፊት የምትቀርበው?" ቀጥላ ፌስታሉን ከፈተች።

"ጋቢ? አብደሃል? ጋቢ እኮ ይዞ የሚመጣው ልጅ ያገባ አማች ነው!"

"እኔ ለብርዱ ብዬ..."

"ገና ሰላም ሳትላቸው 'ልጅዎን ወስጃለሁ' ልትላቸው ነው?"

ስምዖንን ላብ አጠመቀው። በሱሉልታ መንገድ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ብርቅ ነው። መመለሻ ጊዜ የለም፤ መንገድ ዳር የሚሸጠውም ድንችና ጎመን ብቻ ነበር። ከጎመን ጋቢ ይሻላል ተባብለው ቀጠሉ።

የዕድላዊት እናት ወይዘሮ ሰብለወርቅ በር ላይ ጠብቀው ልጃቸውን አገላብጠው ሳሟት። "ዓመት ሙሉ! አንዴ ሥራ ነው፣ አንዴ ስልጠና ነው... ደግሞ ወፍረሻል" አሉና እጇን ይዘው አስገቧት።

አቶ ዳኜ ጋቢውን ተቀብለው ዘረጉት። ጥለቱን አዩ። ስምዖንን አዩ። መልሰው ጥለቱን አዩ።

"በእኛ አገር ጋቢ የሚያመጣ ልጅ ያገባ ሰው ነው" አሉ።

"አይ አባባ፣ አገሩ ብርድ ስለሆነ ነው።"

"ብርድ ነው ትላለህ፤ አንተ ግን አልቦሃል።"

ምሳ ቀረበ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ሁሉም የጾም። ለዕድላዊት ብቻ ቅቤ የተንሳፈፈበት አጥሚት በትልቅ ኩባያ መጣላት።

"እማዬ፣ ጾም አይደል እንዴ?"

"ጨጓራሽን አውቀዋለሁ። ዝም ብለሽ ጠጪ።"

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። "ቲቲ ናት፣ የቤት ጓደኛዬ" ብላ ወደ ግቢ ወጣች። ተመልሳ ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ወጣች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስታንሾካሹክ አቶ ዳኜ በመስኮት አዩዋት።

"ይቺ ቲቲ የምትባለው" አሉ ወደ ስምዖን ዞረው፣ "ሴት ናት ወንድ?"

"ሴት ናት!"

"አይተሃታል?"

"አዎ... በደንብ" አለና ስምዖን ምስሩ ትን አለው። አቶ ዳኜ ውሃ ቀዱለት፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም።

ዕድላዊት ስትመለስ ስምዖን ጉሮሮውን ጠርጎ ዋናውን ነገር አነሣ። ሽማግሌ ልላክ፣ ሠርጉም በጥር ይሁን አለ።

"ምን አስቸኮላችሁ?" አሉ አቶ ዳኜ። "ዓመት ያህል ተዋወቁ። ሰው ሳይተዋወቅ አይጋባም።"

"አይሆንም!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

አቶ ዳኜ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

"አዳራሽ... የአዳራሽ ኪራይ ይጨምራል" አለ ስምዖን።

"አዎ፣ አዳራሽ" አለች ዕድላዊት።

አቶ ዳኜ አዲሱን ጋቢ እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስምዖን ቁጣ ነው ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ዕድላዊትን ይወዳታል፤ ያለ አባቷ ምርቃት አንድ ቀን እንኳን በሰላም እንደማታድር ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

"አባባ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ" አለ። "እምቢ አይበሉን። እስክሞት አልበድላትም።"

አቶ ዳኜ ከጋቢው ውስጥ ብቅ አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። ሚስታቸውን አዩ፤ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"እሺ፣ በጥር ይሁን። ሽማግሌህን ላክ።"

ስምዖን ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ዕድላዊት እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሲመሻሽ አቶ ዳኜ እስከ ታክሲው ሸኟቸው። ስምዖን አሁን ደረቱን ነፍቷል፤ አማች ሆኗል፤ ስጦታ መምረጥ ድሮም ቀላል ነበር ብሎ ያስባል።

"በሚቀጥለው ስንመጣ ምን እንግዛልዎት አባባ?"

"ምንም አትግዙ" አሉ አቶ ዳኜ የታክሲውን በር እየዘጉላቸው፣ "ቲቲ ዘንድ የተዋችሁትን የልጅ ልጄን ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ።"