ኖር

መምህሩ «ዲቫልዩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ተማሪዎቹ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡታል።

«ዋጋ መቀነስ፣ ማራከስ ማለት ነው» አለ። «ለብርም ለሰውም ይነገራል። እስቲ ምሳሌ ስጡኝ።»

«ብራችን!» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

«ለሰውስ?»

መልስ ሳይመጣ በሩ ተከፈተና ዘበኛው ጋሽ ይርዳው ጠመኔ ይዘው ገቡ። ተማሪው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር ጋሼ!»

«በእግዜር! ኧረ በሞቴ አትነሱ!» እያሉ ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ።

መምህሩ ከውጭ አገር ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። እስካሁን ቤቱን ያንኳኳ ሰው የለም።

«እኔ ስገባ ግን ማንም አይነሳም» አለ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረ።

ወይዘሮ የሺመቤት ደነገጡ። «የመጀመሪያ ቀን ተነስተን አትነሱ አሉና!»

«ጋሽ ይርዳውም እኮ አሁን አትነሱ ብለዋል።»

«እሳቸውማ ሁልጊዜ ይላሉ። እርስዎ ግን የምርዎን ነበር፤ ሰው ለሰው መነሳት የለበትም ብለው ተቆጡን እኮ።»

መምህሩ ምሳሌውን ለነገ አሳድሮ ክፍሉን አሰናበተ።

ከተከራያት አንድ ክፍል ቤት ሲደርስ ቁልፉን አዙሮ በሩን ገፋና ደጃፉ ላይ ቆመ። ውስጥ አንድ አልጋና ሁለት ወንበሮች አሉ፤ በአንደኛው ላይ እስካሁን ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።

«በእግዜር» አላቸው ወንበሮቹን። «ኧረ በሞቴ አትነሱ።»