አርባ አንድ ጊዜ የታየው ትምህርት

ዶክተሩ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ አንድ ነገር ብቻ ተናግሯል፤ ትምህርት ከሰሌዳ ወርዶ ስክሪን ላይ መውጣት አለበት። በስብሰባ ተናግሯል፣ በሠርግ ተናግሯል፣ አንድ ቀን ጥርሱን እያስነቀለም ሊናገር ሞክሯል። ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለቱንም ጊዜ ወድቋል። ይህ ሦስተኛው ነው። ደንቡ አራተኛ አይፈቅድም።

ሁለቱንም ጊዜ የጣሉት አንድ ሰው ናቸው፤ የትምህርት ክፍሉ አንጋፋ ፕሮፌሰር፣ ተማሪው ሁሉ «ጋሽ ጠመኔ» የሚላቸው። ኮምፒውተር ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ባለፈው ጊዜ ኮሚቴው ፊት ቆመው «ይሄ ማስተማር አይደለም፣ ፎቶ መነሳት ነው» ብለው ተቀመጡ። ለዶክተሩ አንድም እጅ አልወጣለትም።

በዚህኛው ዙር የተማመነው በኦንላይን ትምህርቱ ነው። ሃያ አራት ቪዲዮ፣ እያንዳንዱ አርባ ደቂቃ፤ በሁሉም ላይ እሱ ራሱ ተቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ፣ ድምፁን ሳይቀያይር ያብራራል። ሦስት መቶ ሰባ ተማሪ ተመዝግቧል። ኮሚቴው ማስረጃ ስለጠየቀው ሲስተሙን የምትቆጣጠረው ባለሙያ ቢሮ ሄደ።

«ስንቱ ጨረሰው?» አላት።

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። «ዶክተር፣ ሻይ ይጠጣሉ?»

«ስንት?»

«አንድ።»

«አንድ መቶ?»

«አንድ።»

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ባለሙያዋ ግን ያ አንዱ የዋዛ እንዳልሆነ ነገረችው። በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል። ሃያ አራቱንም ቪዲዮ ደጋግሞ ጨርሷል። ስለ ምዘና ዘዴዎች የሚያወራውን ሰባተኛውን ብቻውን አርባ አንድ ጊዜ ከፍቶታል። አስተያየትም ይጽፋል። ዶክተሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ።

«ሰባተኛው ላይ አዲስ የተጨመረው ሙዚቃ ይውጣ።»

«ዘጠነኛው ላይ፣ ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ፣ መምህሩ ያስነጥሳሉ። ይስተካከል።»

«አርባ ደቂቃ አይበቃም።»

«እንዲህ ያለ ተማሪ በሕልሜም አላየሁ» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማን ነው?»

«የተመዘገበው በሠራተኛ መታወቂያ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጋሽ ጠመኔ።»

እንባው እዚያው ደረቀ።

ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ነገራት። «ስህተቴን እየለቀሙ ነው። ማስነጠሴን ሳይቀር መዝግበውታል!»

«ምናልባት ወደውት ቢሆንስ?»

«እሳቸው? ሰባተኛውን? አርባ አንድ ጊዜ?»

ሚስቱ ሰባተኛውን አንድ ጊዜ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ከፍታው ነበር። መጨረሻው ምን እንደነበር ግን አታስታውስም።

ዶክተሩ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ። ማስነጠሱን ቆርጦ አወጣ። ሙዚቃውን አጠፋ። ቪዲዮዎቹን እንደገና ቀርጾ ስልሳ ስልሳ ደቂቃ አደረጋቸው፤ አንዲት ቀዳዳ እንዳይገኝበት እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብሎ፣ ረግጦ ተናገረ። በማግስቱ አስተያየት መጣ፤ «በጣም ጥሩ። በዚሁ ይቀጥል።»

ይህን ሲያነብ ላብ አጠመቀው። በቁሙ እየተቀለደበት ነው።

ጋሽ ጠመኔ ግማሽ ዓመት የምርምር ዕረፍት ወስደው ከቤት አይወጡም፤ ለኮሚቴው ስብሰባ ግን መጡ። ዓይናቸው ደም መስሏል። የኮታቸው ግራ ትከሻ እንደ ልማዳቸው ነጭ በነጭ ሆኗል። ዶክተሩ ዓይናቸውን አይቶ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥተው ስህተቱን ሲያድኑ እንደከረሙ ገባው። እሱም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ የጻፈበት አሥራ አንድ ገጽ ይዟል።

ሰብሳቢው ተቃውሞ ካለ ይቅረብ አሉ። ጋሽ ጠመኔ ተነሡ። ዶክተሩ የመልሱን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ።

«ትምህርቱን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት እግዜር ይቁጠረው» አሉ። «ይህን ነገር ስቃወም የኖርኩ ሰው ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሁሉም ሞክሮ ያቃተውን ይሄ ሰው ሠርቶታል። ማዕረጉ ይሰጠው። ሌላ ሃያ አራት ቪዲዮም እንዲሠራ ይታዘዝልኝ።»

ከዚያ እጅ ሁሉ ወጣ። ጋሽ ጠመኔ ግን «እንኳን ደስ አለህ» ለማለት እንኳ አልቆዩም፤ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ቤታቸው ከነፉ።

አዲሱ ፕሮፌሰር ደስታው ከፍ ብሎ፣ ከደስታው ሥር ደግሞ ኀፍረት ያዘው። በሰው ላይ ክፉ ማሰቡ ከልቡ አሳፈረው። ብርቱካን ገዝቶ ሊያመሰግናቸው ቤታቸው ድረስ ሄደ።

በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ናት። ፀጉሯ ተንጨባሯል፤ ትራስ በብብቷ ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከውስጠኛው ክፍል የሚመጣው የሕፃን ለቅሶ ጣራውን ሊነቅለው ምንም አልቀረውም።

«ይቅርታ፣ የአባባ ስልክ ጠፍቶብን ነው» አለችው።

«ግድ የለም፣ የምስጋና ንግግሬ አጭር ናት» አለ ፕሮፌሰሩ። ብርቱካኑን አስቀመጠ፣ እጁን አጣመረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቴክኖሎጂ የታገዘ ትምህርት ዓላማው፣ በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተማሪውን ባለበት ቦታ መድረስ ነው። በሁለተኛ ደረጃ…»

ለቅሶው ቀነሰ። ተቆራረጠ። ቆመ።

ከውስጥ የጋሽ ጠመኔ ሹክሹክታ ተሰማ፤ «እሰይ ልጄ፣ ስልኩን አገኘሽው? በይ እንዳትዘጊው፣ ተኝታልናለች።»