የጎሊና ጥጃ

ተናኜን የበደላት መምህር ይሁኔ ነው። ከደጋ መጥቶ ሮቢት ላይ አማርኛ የሚያስተምር፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ጎረምሳ። ለልጅ ልጇ ለአስረሳሽ በግጥም ጥያቄ ዜሮ ሰጣት።

ዘመኑ 1998፣ ወሩ ሰኔ ነው። ልጅቷ በአማርኛ አርባ ስምንት አመጣች፤ ክፍል ማለፊያው ሃምሳ ነው። አባቷ አንዷለም «ሰባተኛን ከወደቀች ከአክስቷ ጋር ጂዳ ትሂድ» ብሎ ደላላ አነጋግሯል። አንዷለም አንዴ ካለ አለ ነው። አማቱን ተናኜን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ልጅቷን ግን ያሳደገቻት ተናኜ ናት፤ አስረሳሽ ብላ ስም ያወጣችላትም እሷው ናት።

ወሬውን የሰማችው በቀትር ፍየሎቿን ወደ ጥላ ስታስገባ ነበር። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ ፀሐዩም ሰው የሚያናግር አይደለም። ቢሆንም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መቀነት አልታጠቀችም። እሷ መቀነት ታጥቃ ያያት የለም፤ ቀሚሷን በጨርቅ ቁራጭ ሸብ ታደርጋለች። መንደሩም በዚህ ሲያማት ኖሮ ሰልችቶታል።

«በዚህ ሐሩር ወዴት ነው?» አላት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰላሁዲን።

«መምህሩን ላስተምር።»

«አላህ ይሁነው።»

ይሁኔ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወረቀት ያርማል።

«ዜሮ የምታድለው አንተ ነህ?»

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

«ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ የለም። ወረቀቱን አምጣ።»

«ላንብብልዎት?»

«መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ። ሰርተፊኬቱ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ መጥተህ እይ።»

ዓይኗ ደክሟል። ግጥሙን ግን ሳትደናቀፍ ተወጣችው።

ደመና የለበት፣ ሰማዩ እንደ ጠራ፣
ጎሊና መጣብኝ፣ በቀትር ሲያጓራ፤
ውሃ ውሃ ጠምቶት፣ ጥጃዬን ጠጣብኝ፣
ገመዱ በእጄ ላይ፣ ባዶውን ቀረብኝ።

«የማን ነው?» አለች።

«አይታወቅም። መጋዘን ውስጥ ከድሮ የመሠረተ ትምህርት ደብተሮች መሐል አገኘሁት። ስም የለውም።»

«ባለቤቱን ሳትጠይቅ አነሣህ በለኛ።»

ይሁኔ ፈገግ አለ። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ነጥቡም ሁለት። ተማሪዎቹ ቤታቸው ወስደው ነው የሠሩት። አንደኛው፦ ደመና ሳይኖር ጎርፍ መምጣቱ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው? አስረሳሽ «ዘይቤ አይደለም፣ እውነት ነው» ብላለች።

«መልሱ አያዎ ነው፣ እማማ። የማይሆን ነገር እንደሆነ ተደርጎ ሲነገር ነው።»

«የማይሆን? ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል። ውሃው እዚህ እኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ ይደርሳል። ማሽላችንን የምናጠጣው በዚሁ ጎርፍ ነው። አንተ የጎሊናን ወንዝ በመኪና ድልድዩ ላይ እንጂ በእግርህ ተሻግረኸው አታውቅም።»

ይሁኔ ሰላሁዲንን አየው። ሰላሁዲን ራሱን ነቀነቀ፤ እውነቷን ነው ማለቱ ነው።

ይሁኔም ዜሮውን ሰርዞ አንድ ጻፈ። አርባ ዘጠኝ።

«ሁለተኛው ግን አይሆንም» አለ። «ጥጃው ምንን ይወክላል ነው የሚለው። እሷ ‹ጥጃን› ብላ ጻፈች። ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል። ገጣሚው አንዱን ብሎ ሌላውን ማለቱ ነው።»

«በእኛ አገር አንዱን ብሎ ሌላውን የሚል ውሸታም ይባላል።»

«ለጥጃ እንዲህ አይለቀስም፣ እማማ።»

«ላም ኖሮህ ያውቃል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

«አንቺስ ብትሆኚ፣ ላም የነበረሽ መቼ ነው?» አለ ሰላሁዲን ከወዲያ። «እኔ ከፍየል በቀር አላየሁብሽ።»

«አንተ በርህን ጠብቅ።»

ይሁኔ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሣው። «እዚህ ላይ መጀመሪያ ሌላ ቃል ነበር። ተደምስሷል።»

«እኔ ነኝ ያስደመሰስኳት። ስታ ነበር።»

«ምን ብላ ነበር?»

«የሳተ ነገር አይደገምም።» ነጠላዋን አስተካከለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «ጥጃ ጥጃ ነው፣ ልጄ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ወንዙ አሸዋ ነው። ተሻገር ትለዋለህ፣ ይሻገራል። ከዚያ አይሻገርም። ሌላ ምን አለው? እናንተ የተማራችሁት የሞተውን ጥጃ እንኳ ሞቶ እንዲተኛ አትተዉትም።»

«ገጣሚው ራሱ መጥቶ ጥጃ ማለቴ ነው ካለኝ አንዷን ነጥብ እሰጣለሁ» አለ ይሁኔ። «ያለዚያ አልችልም። ነገ ውጤቱን ለርእሰ መምህሩ አስረክባለሁ።»

ተናኜ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሦስት ቦታ አረፈች። ቤቷ ስትደርስ አንዷለም ከደላላው ጋር ደጁ ላይ ቆሟል፤ አስረሳሽም ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ልትነሣ ራሷን ተሠርታለች።

«ምን አሉሽ፣ እምዬ?» አለች ልጅቷ።

«ግትር ነው።»

«እኔም መጀመሪያ የጻፍኩትን ብተወው ኖሮ...»

«ተይኝ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ደክሞኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ተናኜ ደረሰች። ይሁኔ ሲመጣ ከብብቷ ጫፉ የተበጠሰ፣ ጭቃው የደረቀበት አሮጌ መቀነት አውጥታ የአስረሳሽ ወረቀት ላይ አኖረችለት።

«ያስደመሰስኳትን መልስላት» አለችው። «ገመዱ ይኸው። ጥጃው ዳዊት ይባል ነበር።»