የአሥራ አንደኛው ሸክላ ጀርባ

«ጀርባው ምንም የለበትም፣ አትልፋ» ይለኛል ወፌ። እኔ ግን ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አንሥቼ መገልበጥ ጀምሬያለሁ።

ምንም የለበትም ቢል አይፈረድበትም፤ እሱና ሁለት ጓደኞቹ የዘፈኑባቸው የሌሎቹ አሥር ሸክላዎች ጀርባ እንደዚያ ነዋ። የሬጌ ልማድ ነው፤ ፊት ለፊት የተዘፈነው ዘፈን ጀርባው ላይ ሲደገም የዘፋኞቹ ድምፅ ይጠፋና ድራምና ቤዝ ብቻ ይቀራል። ይሄ አሥራ አንደኛው ግን ገበያ ያልወጣ የሙከራ ቅጂ ነው። ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አሮጌ ዕቃ መሃል አግኝቼው ጀርባውን ትናንት ቤቴ ሰምቼዋለሁ። አሁን የመጣሁት ዘፈኑን ላሰማው ሳይሆን ሲሰማ ፊቱን ለማየት ነው። ተንኮል ነው፣ አልክድም።

ከሦስቱ ዘፋኞች በሕይወት ያለው ወፌ ብቻ ነው። ወፌ የተባለው ላይ ላዩን በሚበረው ቀጭን ድምፅ የተነሣ ነው። ዛሬ ሲናገር ድምፁ ወፍሮ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል፤ «ዕድሜ ነው» ይላል፣ እኛም አምነን ኖረናል። ስለዚያ ድምፅ ሲባል ካፌ በገባ ቁጥር ወንበር ይለቀቅለታል። የዘፈኖቻቸውን ዝርዝር የለቀምኩበት መጽሐፍ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ በየዘፈኑ ሥር «ቀጭን ድምፅ፦ ወፌ» ይላል። ያልተፈቱልኝ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ፣ በየዘፈኑ ውስጥ ጧ፣ ጧ የሚለው የጣት ድምፅ የማን እንደሆነ ነው፤ «ያልታወቀ» ብዬ አልፌዋለሁ። ሌላው፣ ያን ያህል የተወደዱ ልጆች አንድም ቀን መድረክ ያልወጡበት ምክንያት ነው። ስጠይቀው «መድረክ ያንቀጠቅጠን ነበር» ብሎ ይስቃል።

መርፌውን አስቀምጣለሁ።

ድራሙ ይገባል፣ ቤዙ ይከተላል። ጥግ ላይ ታላቅ እህቱ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች የተማሪ ሸሚዝ ትሰፋለች። ቤቱ የእሷ ነው፤ ወፌ እሷ ዘንድ ነው የሚኖረው። ሰላምታዬን ከተቀበለች ወዲህ ቀና አላለችም። ወፌ የእናቴን ጤንነት ይጠይቀኛል። ደህና ናት እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቀኛል።

ጧ ይላል ጣት። ወዲያው ድምፁ ይመጣል፣ ብቻውን፣ ከሥሩ የሚደግፈው ወንድ ሳይኖር። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ስንሰማው የጎረምሳ ይመስለን ነበር። የሴት ነው። ወጣት ናት፣ የምትፈራው ነገር ያለም አይመስልም።

የስፌት መኪናው ይቆማል።

ወፌ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ መርፌው ይሰዳል። «ይብቃ፤ ይሄ መርፌ ሸክላውን ይበላዋል።»

«ተወው» ትላለች እህቱ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የወንድሟ እጅ ግን አየር ላይ ይቀራል።

ሸክላው ያልቃል። ከዚያ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ ለእኔ ትነግረኛለች። አባታቸው «ሴት ልጅህ ዘፈነች» ከሚባል ቤቱ ቢቃጠል የሚመርጥ ሰው ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮው ውስጥ ብርድ ልብስ ይሰቀልላታል፤ ሙዚቀኞቹ እንኳ እንዳያዩዋት ቀድማ ትገባለች። የራሷ ማይክሮፎን ከብርድ ልብሱ ጀርባ ነው። ወንድሟ ከፊት ቆሞ ስሙንና ፊቱን ያበድራታል። የዚህን ሸክላ ጀርባ ያዘጋጀው ባለሙያ የወንዶቹን ድምፅ አጥፍቶ የእሷን ረስቶታል ማለት ነው። የመድረኩንም ነገር ሳልጠይቃት እሷው ታነሣዋለች፤ መቼም ብርድ ልብስ ተሸክሞ መድረክ አይወጣ።

ልስቅ እልና የወፌን ፊት ሳይ ሳቄን እውጠዋለሁ።

«አባባ ሲሞት እናገራለሁ ብለኸኝ ነበር» ትለዋለች።

«እትዬ...»

«አባባን የቀበሩት እንኳ ተቀብረው አለቁ።» ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቀዘ።»

ይህን እውነት ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ አሁን ግን ባልመጣሁ እላለሁ። ልጅ ሆኜ የወፌን ፎቶ ከራስጌዬ ለጥፌ ነው ያደግሁት።

ወፌ ሸክላውን ከማጫወቻው ያነሣል። በሁለት እጁ ጨብጦ ያየዋል። ሌላ ቅጂ የለም፤ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አንዴ ቢጫነው ነገሩ ሁሉ ያበቃል፣ የእኔም ቃል የእብድ ወሬ ይሆናል። ከወንበሬ ግማሽ ተነሥቼ እቀራለሁ።

«መጽሐፉ ታትሟል?» ይለኛል።

«ነገ ነው፣ ጋሼ።»

«ቀጭኑ ድምፅ የእሷ ከሆነ፣ እኔ የት ነበርኩ ልትል ነው?»

መልሱ «የትም አልነበርክም» ነው። ጣቶቹ ሸክላውን አጥብቀው ሲይዙ ይታየኛል።

«አጠገቤ ነበርክ» ትላለች እህቱ። ሸሚዙን ክንዷ ላይ ጥላ ተነሥታለች። «ከብርድ ልብሱ ጀርባ ጨለማ ነው፤ ማንንም አላይም። አሁን ግቢ የምትለኝ አንተ ነበርክ፣ በጣትህ።»

ወፌ እጁን የሌላ ሰው እጅ የሆነ ይመስል ያየዋል። እኔም አየዋለሁ። «ያልታወቀ» እያልኩ በየዘፈኑ ሥር ስጽፍ የኖርኩት እጅ ነው።

«መልሰው» ትለዋለች።

ሸክላውን በዚያው በጀርባው ያስቀምጠዋል። መርፌውን ያወርዳል። ድራሙ ይገባል፣ ቤዙ ይከተላል። ወፌ ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል። መገጣጠሚያዎቹ አብጠዋል፤ ጣቶቹ ተፋትገው ድምፅ ሳይሰጡ ይለያያሉ። እንደገና ይሞክራል፣ እምቢ ይሉታል። እህቱ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀዋለች።

ጧ።

እህቱ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች።