ፊደል የሚያጎላላት

የሉሊት ዓይን ደካማ ነው። ባሏ ካሌብ እሷ በምትሠራበት ቢሮ ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ በኮምፒውተሮቹ ሲስተም ውስጥ ባለች አንዲት ቀዳዳ ሾልኮ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይይዝና፣ ከወንበሩ ሳይነሳ የስክሪኗን ፊደላት ያጎላላት ነበር። ሞቶ ጫኖ መንደር ከቀበረችው ወዲህም ጠዋት ጠዋት ፊደሎቹ ጎልተው ይጠብቋታል። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ሉሊትዬ፣ ያቺ ቀዳዳ ዛሬውኑ ትደፈን። ተራው ተጠቃሚ ሁሉ አዛዥ ሊሆንብን ነው» አሏት አለቃዋ አቶ ሽበሺ።

«ነገ ቢሆንስ ጋሼ?»

«ዛሬ፣ ልጄ።»

ቀዳዳዋን የሚደፍነውን ማስተካከያ ጫነች። ፊደሎቹ ዓይኗ እያየ ትንንሽ ሆኑ። እንባዋን ጠርጋ ልትነሳ ስትል፣ ስክሪኑ ግርጌ ላይ አንዲት ደቃቃ መስመር በራሷ ትጻፍ ጀመር። ለማንበብ ፊቷን አስጠጋች።

«የኔ ዓለም፣ አሁን በየት ልግባ?»